የአክሲዮን ገበያ መረጃና ጥናት በኢትዮጵያ

የአክሲዮን ገበያ መረጃና ጥናት በኢትዮጵያ ሲባል ስለ አክሲዮን፣ ቦንድና ሌሎች ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ዋጋ፣ ስለ አውጪ ድርጅቶቻቸው ሒሳብና ስለ ግብይታቸው የሚሰበሰበው መረጃ፣ እንዲሁም በዚሁ መረጃ ላይ የሚካሄደው ምሁራዊ ጥናት ማለት ነው። አገሪቱ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መጨረሻ አነስተኛ የአክሲዮን መገበያያ ነበራት። ከ1967 ዓ.ም. የንብረት ውርስ በኋላ ግን እስከ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 10 ቀን 2025) ድረስ የተደራጀ የአክሲዮን ገበያ አልነበራትም። በመካከሉ ያለው ሃምሳ ዓመት ያህል ተከታታይ የዋጋ መዝገብ የሌለበት ዘመን ነው። የአገሪቱ የፋይናንስ ተመራማሪዎች ምን ዓይነት ጥያቄ እንደጠየቁና የትኛውን ጥያቄ መጠየቅ እንዳልቻሉ በአብዛኛው የወሰነው ይኸው ክፍተት ነው።

ቦታው

ጉዳዩ የሚመለከታቸው ተቋማት ብዙዎቹ የሚገኙት በአዲስ አበባ መሐል፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማና በአዋሳኞቹ ነው። ከኡራኤል ቤተ ክርስቲያን በስተሰሜን ካዛንቺስ ይገኛል። የሰፈሩ ስም በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለው ድርጅት፣ «ካዛ ኢንቺስ» ከሚለው አጠራር የመጣ ነው። በካዛንቺስ ምዕራባዊ ጫፍ በ1950 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1958) የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ አለ። የኮሚሽኑ ቤተ መጻሕፍት ስለ አፍሪካ አገሮች ገንዘብና ንግድ የተጻፉ ሰነዶችን ሲያጠራቅም የኖረ ሲሆን፣ ከክምችቱ ብዙው ዛሬ በኢንተርኔት ይገኛል። ከኡራኤል ወደ ምዕራብ መስቀል አደባባይን አልፎ በስታዲየም አካባቢ፣ በአዲሱ ገበያ መጀመሪያ የተመዘገበው የወጋገን ባንክ ሕንፃ ቆሟል። ከዚያ አልፎ እስከ ብሔራዊ ቲያትርና ሰንጋ ተራ ድረስ ብሔራዊ ባንክ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክና የብዙ የግል ባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች ተደርድረዋል። ለዓመታት የአክሲዮን መረጃ የሚፈልግ ተማሪ በእነዚህ ሕንፃዎች መካከል በእግሩ እየዞረ ዓመታዊ ሪፖርት መለመን ነበረበት።

መረጃ ለገበያ ምን ያደርጋል

አክሲዮን እንደ በግ ወይም እንደ ጤፍ በዓይን አይቶ፣ በእጅ ዳስሶ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ገዢው የሚገዛው ወደፊት ሊገኝ በሚችል የትርፍ ድርሻ ላይ ያለውን መብት ነው፤ ይህንንም የሚመዝነው በወረቀት ላይ ባለ መረጃ ነው። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ካላወቀ ምን እንደሚከተል አሳይቷል። ገዢው መጥፎውን ከጥሩው መለየት ስለማይችል ለሁሉም አማካይ ዋጋ ብቻ ይሰጣል። ጥሩ መኪና ያለው ሰው በዚህ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ከገበያው ይወጣል፤ መጥፎው ይቀራል። መኪናውን በአክሲዮን ብንተካው ነገሩ ያው ነው።

በዚያው ዓመት ዩጂን ፋማ የተባለው ምሁር «የገበያ ቅልጥፍና» የሚባለውን ሐሳብ በሦስት ደረጃ ከፍሎ አቀረበ። በመጀመሪያው ደረጃ የዛሬ ዋጋ ያለፉትን ዋጋዎች መረጃ ሁሉ በውስጡ ይዟል፤ ስለዚህ የትናንቱን ዋጋ አይቶ የነገውን መገመት አያዋጣም። በሁለተኛው ደረጃ ዋጋው ለሕዝብ የወጣውን መረጃ በሙሉ፣ ማለትም የሒሳብ መግለጫን፣ የትርፍ ድርሻ ማስታወቂያንና የመንግሥት ውሳኔን ጭምር ወዲያው ይቀበላል። በሦስተኛው ደረጃ ደግሞ ውስጥ አዋቂዎች ብቻ የሚያውቁት እንኳ በዋጋው ላይ ተንጸባርቋል። ይህ ሦስተኛው ደረጃ በተግባር ይኖራል ብሎ የሚከራከር ሰው እምብዛም የለም። ሳንፎርድ ግሮስማንና ጆሴፍ ስቲግሊትዝ እ.ኤ.አ. በ1980 እንዳመለከቱት፣ ዋጋው ሁሉንም መረጃ ቀድሞ ከያዘ ማንም ገንዘብና ጊዜ አውጥቶ መረጃ አይፈልግም፤ ማንም ካልፈለገ ደግሞ መረጃው ወደ ዋጋው የሚገባበት መንገድ የለም።

ስቲግሊትዝ ከኢትዮጵያ ጋር የተገናኘበት ታሪክ አለ። የዓለም ባንክ ዋና የኢኮኖሚ ባለሙያ በነበረበት ወቅት እ.ኤ.አ. በ1997 አዲስ አበባ መጥቶ ከጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጋር ተነጋግሯል። በዚያን ጊዜ መንግሥትና ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የፋይናንስ ዘርፉን በመክፈት ጉዳይ እየተከራከሩ ነበር። ስቲግሊትዝ የመንግሥትን ጥንቃቄ ደግፎ ቆመ፤ ክርክሩንም እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ግሎባላይዜሽንን በሚተች መጽሐፉ ውስጥ በስፋት ተርኮታል። ስለ መረጃ ጉድለት ባደረገው ምርምር ከአከርሎፍና ከማይክል ስፔንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሰው፣ መረጃ በሌለበት ገበያ በችኮላ መክፈትን መቃወሙ ከራሱ ምርምር የሚጣጣም ነው። ከዚያ በኋላ ዘርፉ ሃያ ዓመት በላይ ተዘግቶ መቆየቱ ግን የመረጃውን ጉድለት አላሟላውም።

ታሪክ

ኢትዮጵያ ከአክሲዮን ጋር የተዋወቀችው ከራሷ ገበያ በፊት በውጭ ገበያ በኩል ነው። በ1898 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1906) ዳግማዊ ምኒልክ መርቀው የከፈቱት የአቢሲኒያ ባንክ በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር የተቋቋመ የአክሲዮን ማኅበር ሲሆን፣ የተፈቀደው ካፒታሉ 500,000 ፓውንድ ነበር። አክሲዮኖቹም በአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን በአውሮፓ ከተሞች ጭምር ተሽጠዋል። በ1923 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባንኩን ገዝቶ በኢትዮጵያ ባንክ ተካው።

ለአገር ውስጥ ገበያ ሕጋዊ መሠረት የጣለው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነው። ሕጉ የአክሲዮን ማኅበር እንዴት እንደሚቋቋም፣ አክሲዮን እንዴት እንደሚተላለፍ፣ ለሕዝብ ሽያጭ ምን ዓይነት መግለጫ መቅረብ እንዳለበት በዝርዝር ደንግጓል። በ1957 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1965) ደግሞ ሥራ ከጀመረ ገና አንድ ዓመት የሆነው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የአዲስ አበባ የአክሲዮን አገበያይ ቡድን እንዲቋቋም አደረገ። ቡድኑ ዛሬ በምናውቀው ትርጉም ሙሉ የአክሲዮን ገበያ አልነበረም። ሆኖም የጥቂት ማኅበራት አክሲዮን ዋጋ በየጊዜው ተቆርጦ የሚታወቅበት የመጀመሪያው አሠራር ነበር።

ይህ አሠራር ያበቃው በሁለት ቀኖች ነው ማለት ይቻላል። ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ወታደራዊው መንግሥት ባንኮችንና የኢንሹራንስ ኩባንያዎችን ወረሰ። ጥር 26 ቀን ደግሞ 72 የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶችን ሙሉ በሙሉ ሲወርስ በ29 ሌሎች ላይ አብላጫውን ድርሻ ያዘ። የሚሸጥ አክሲዮን ስላልነበረ የሚመዘገብ ዋጋም አልነበረም።

ዋጋ የሌላቸው አክሲዮኖች

አክሲዮን የተመለሰው ከገበያው በጣም ቀድሞ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 84/1986 ለኢትዮጵያውያን የግል ባንክ እንዲያቋቁሙ ፈቀደ። በ1987 ዓ.ም. አዋሽ ባንክ በ486 መሥራች ባለአክሲዮኖችና በ24.2 ሚሊዮን ብር ካፒታል ተመሠረተ፤ ዳሽን፣ አቢሲኒያ፣ ወጋገንና ሌሎችም ተከተሉ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሦስት አሥርት ዓመታት በአገሪቱ የባለአክሲዮኖች ቁጥር በእጅጉ ጨመረ፤ የአክሲዮን ገበያ ግን አልነበረም።

በዚያ ዘመን አክሲዮን መሸጥ የፈለገ ሰው ገዢ የሚያገኘው በዘመድ፣ በወዳጅ፣ በደላላ ወይም በባንኩ የአክሲዮን ክፍል በኩል ነበር። ሁለቱ ወገኖች በዋጋ ከተስማሙ በኋላ ውሉ ይጸድቃል፤ ከዚያ ዝውውሩ በማኅበሩ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ዋጋውን የሚያውቁት ሻጩና ገዢው ብቻ ናቸው። ሦስተኛው ሰው በማግሥቱ ተመሳሳይ አክሲዮን ሊሸጥ ሲመጣ ከዜሮ ይጀምራል። በዚህ ምክንያት ብዙ ባለአክሲዮኖች የያዙትን ሀብት የሚገምቱት በአክሲዮኑ ላይ በተጻፈው ዋጋና በየዓመቱ በሚያገኙት የትርፍ ድርሻ ነበር። ይህ ግምት በሁለት አቅጣጫ ሊያሳስት ይችላል። አትራፊ የሆነ ባንክ አክሲዮን በተጻፈበት ዋጋ ከተሸጠ ሻጩ ይጎዳል። የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ በሆነበት በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በቁጥር ደህና የሚመስል የትርፍ ድርሻ እንኳ በመግዛት አቅም ሲለካ ኪሳራ ሊሆን ይችል ነበር።

የዋጋ ፍንጭ በአደባባይ የሚገኝበት ዋናው ስፍራ የጋዜጣ ማስታወቂያ ነበር። ባንኮች ያልተከፈለባቸውን ወይም በብድር የተያዙ አክሲዮኖችን ሲያጫርቱ ማስታወቂያውን በአዲስ ዘመን፣ በሪፖርተርና በመሳሰሉት ያወጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ብሔራዊ ባንክ ባወጣው መመሪያ የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን በባንክና በኢንሹራንስ የያዙትን አክሲዮን እንዲለቁ ሲገደዱም አክሲዮኖቹ በጨረታ ቀርበዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ በወጣው የባንክ ሥራ ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1159/2011 ትውልደ ኢትዮጵያውያን እንደገና እንዲገቡ ተፈቀደ፤ በውጭ የሚኖሩ ብዙዎች ግን ያጠራቀሙትን በግዴታ ያስለቀቀ ውሳኔ እንዲህ በፍጥነት መገልበጡን አልዘነጉትም። ለአጥኚ የጨረታ ዋጋ ጠቃሚ ቢሆንም የተለመደ ዋጋ አይደለም። ሻጩ ተገድዶ የሚሸጥበት ቀን ነውና።

በሌላ በኩል በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ «በምሥረታ ላይ ያሉ» የአክሲዮን ማኅበራት በማስታወቂያ ብዛት ከሕዝብ ገንዘብ ሰብስበዋል። አንዳንዶቹ ወደ ሥራ ገቡ፤ አንዳንዶቹ ግን ሳይመሠረቱ ቀርተው ባለአክሲዮኖች ለዓመታት በፍርድ ቤትና በመሥሪያ ቤቶች ሲመላለሱ ኖረዋል። የ1952ቱ ሕግ ለሕዝብ ሽያጭ መግለጫ ቢጠይቅም መግለጫውን የሚመረምር ራሱን የቻለ ተቆጣጣሪ አልነበረም።

ምሁራን ዋጋ በሌለበት ምን አጠኑ

የአክሲዮን ዋጋ ከሌለ የፋማን ሐሳብ መፈተን አይቻልም፤ የባለሀብትን ስጋት መለካትም እንዲሁ። ስለዚህ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የፋይናንስ ጥናት በሁለት አቅጣጫ ሄደ።

አንደኛው የባንኮች ትርፋማነት ጥናት ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌሎች የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፎች ዘንድ ከሁሉ የሚበዛው «የግል ንግድ ባንኮችን ትርፋማነት የሚወስኑ ምክንያቶች» የሚለው ርዕስ ሳይሆን አይቀርም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የገበያ ዋጋ ባይኖርም በየዓመቱ ኦዲት የተደረገ ሒሳብ አለ፤ ከእሱም ትርፍን ለጠቅላላ ሀብት ወይም ለባለአክሲዮኖች ካፒታል ማካፈል ይቻላል። አንዳንዶቹ ጽሑፎች ጥሩ ሥራ ናቸው። ብዙዎቹ ግን አንድ ዓይነት ባንኮችን፣ አንድ ዓይነት ዓመታትንና አንድ ዓይነት ስሌትን እየደጋገሙ ሄደዋል፤ በዓመት አንድ ቁጥር ብቻ ከሚሰጡ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ባንኮች የሚገኘው መረጃም ትልቅ መደምደሚያ አይሸከምም።

ከዚህ ላይ በሒሳቦቹ ውስጥ የተደበቁ ስብራቶች አሉ። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶ ያህሉን የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙበት ይገደዱ ነበር። የሰነዱ ወለድ ዝቅተኛ ስለነበር በዚያ ዘመን የታየው ትርፍ ከአስተዳደር ብቃት ይልቅ የመመሪያውን ጫና ሊያሳይ ይችላል። በሒሳብ አያያዝ በኩል ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት ባንኮች ወደ ዓለም አቀፉ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃ የተሸጋገሩት በ2010 በጀት ዓመት ነው። ከዚያ በፊትና በኋላ ያሉትን ቁጥሮች ሳያስተካክል በአንድ ሰንጠረዥ ያስቀመጠ ተማሪ ሁለት የተለያዩ መለኪያዎችን ደምሯል።

ሁለተኛው አቅጣጫ «ገበያው ይቋቋም ወይስ አይቋቋም» የሚለው ክርክር ነው። እዚህ ላይ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ምሁራን ድርሻ ትልቅ ነበር። በአሜሪካ ያስተምር የነበረው አሥራት ተሰማ እ.ኤ.አ. በ2003 በአፍሪካን ዴቨሎፕመንት ሪቪው መጽሔት ላይ በኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ስለማቋቋም ተስፋና ፈተና ጽፏል። የሕግ ምሁሩ ሰሎሞን አባይ ደግሞ የፋይናንስ ገበያ ልማትንና ቁጥጥርን ከሌሎች አገሮች ልምድ ጋር አነጻጽሮ አጥንቷል።

ከአክሲዮን ውጭ ግን ጥናት ወደ ገበያ የተለወጠበት አንድ ምሳሌ ነበር። በእህል ገበያ መረጃ ጉድለት ላይ ለረጅም ጊዜ የመረመሩት እሌኒ ገብረ መድኅን የመሩት የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት ጀመረ። የቡናና የሰሊጥ ዋጋ በገጠር ከተሞች ሰሌዳ ላይና በስልክ መታየት ሲጀምር፣ ዋጋ የሕዝብ መረጃ ሊሆን እንደሚችል ብዙ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ አየ።

የዩሮ ቦንዱ፦ በዓለም ገበያ የተቆረጠ የኢትዮጵያ ዋጋ

በአገር ውስጥ ዋጋ ባልነበረበት ጊዜ የውጭ ገበያ ለኢትዮጵያ አንድ ዋጋ ይሰጥ ነበር። በ2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2014) መንግሥት በአሥር ዓመት የሚከፈል የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮ ቦንድ በ6.625 በመቶ ዓመታዊ ወለድ ሸጠ። ለሽያጩ የተዘጋጀው መግለጫ ለተመራማሪ ራሱን የቻለ ምንጭ ነው። መንግሥት በአገር ውስጥ ንግግር እምብዛም የማያነሳቸውን ስጋቶች፣ ከኤርትራ ጋር ሊያገረሽ የሚችለውን ግጭት፣ ድርቅንና የምርጫ ወቅት ውጥረትን ሳይቀር፣ ለውጭ ባለሀብት በጽሑፍ ዘርዝሯል። የማሳወቅ ግዴታ ምን ዓይነት ኃይል እንዳለው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

ቦንዱ በየቀኑ ይሸጥ ስለነበር ዋጋው ለ«ክስተት ጥናት» ይመቻል። ይህ ዘዴ አንድ ዜና የወጣበትን ቀን ለይቶ፣ ከዜናው በፊትና በኋላ ያለውን የዋጋ ለውጥ ይመረምራል፤ ፋማና ሦስት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት ጽሑፍ የታወቀ ሆነ። በጥር 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ኢትዮጵያ በቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ ዕዳዋን ለማሸጋሸግ እንደምትጠይቅ ሲሰማ የቦንዱ ዋጋ ወዲያው በኃይል ወረደ። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ሲቀር ግን አብዛኛው የዋጋ መውደቅ ቀደም ብሎ ተከናውኖ ነበር። ገበያው ሳይከፈል የሚቀርበትን ቀን አልጠበቀም።

ሕጉና አዲሱ ገበያ

የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 የጸደቀው አዲሱ የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) በወጣበት ዓመት ነው። አዋጁ የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣንን አቋቋመ፤ ለሕዝብ የሚሸጥ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ በባለሥልጣኑ እንዲመዘገብና «የደንበኛ ሳቢ መግለጫ» እንዲቀርብለት አስገደደ፤ ለሕዝብ ባልወጣ የውስጥ መረጃ መገበያየትንም ከለከለ። የባለሥልጣኑ የመጀመሪያ ዋና ዳይሬክተር ብሩክ ታዬ ነበሩ።

የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በመንግሥትና በግሉ ዘርፍ ሽርክና የተመሠረተ የአክሲዮን ማኅበር ሲሆን፣ ካሰበው በላይ ከ1.5 ቢሊዮን ብር የበለጠ ካፒታል ሰብስቧል። መንግሥት በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና በሥሩ ባሉ ድርጅቶች በኩል 25 በመቶ ይዟል፤ ከውጭ ባለድርሻዎች መካከል የናይጄሪያ ኤክስቼንጅ ግሩፕ ይገኝበታል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የባንኮች የእርስ በርስ የገንዘብ ገበያን አስጀምሮ፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ተመርቆ ተከፈተ። ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ገዳ ባንክ ተከተለ።

ከገበያው መከፈት ጥቂት ወራት በፊት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር መደረጉም ለጥናቱ ትልቅ ነገር ነው። በዚያው ወር ብሔራዊ ባንክ የ15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ አስታወቀ። የግምጃ ቤት ሰነድ ጨረታ በገበያ ወለድ መካሄድ ከጀመረ (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2019) ወዲህ፣ ተመራማሪ «ከስጋት ነጻ» ብሎ የሚያነጻጽርበት የወለድ መነሻ አገኘ።

የኢትዮ ቴሌኮም ሽያጭ፦ አንድ ቁጥር እንዴት ይነበባል

ኢትዮ ቴሌኮም ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. 10 በመቶ ድርሻውን፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን እያንዳንዳቸውን በ300 ብር ለኢትዮጵያውያን በቴሌብር አቀረበ። ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን (9,900 ብር)፣ ከፍተኛው 3,333 አክሲዮን (999,900 ብር) ነበር። ሽያጩ ተራዝሞ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲዘጋ 47,377 ሰዎች 10.7 ሚሊዮን አክሲዮኖችን በ3.2 ቢሊዮን ብር ያህል ገዝተዋል።

ከእነዚህ ጥቂት ቁጥሮች ብዙ ማውጣት ይቻላል። 100 ሚሊዮን አክሲዮን 10 በመቶ ከሆነ መላው ድርጅት 1 ቢሊዮን አክሲዮን አለው፤ በ300 ብር ሲባዛ ሻጩ ድርጅቱን 300 ቢሊዮን ብር ገምቶታል ማለት ነው። የተሸጠው ከቀረበው 10.7 በመቶ፣ ከመላው ድርጅት ደግሞ ከ1 በመቶ ጥቂት የሚበልጥ ነው። በአማካይ አንድ ገዢ 226 አክሲዮን፣ 67,700 ብር ያህል ገዝቷል። ይህ አማካይ ግን የተለመደውን ገዢ አያሳይም፤ ከ9,900 እስከ 999,900 ብር በተዘረጋ ስርጭት ጥቂት ትላልቅ ገዢዎች አማካዩን ወደ ላይ ይጎትቱታልና መሐል ላይ ያለው ገዢ ከዚያ ያነሰ ሳይሆን አይቀርም።

ዋናው ጥያቄ 300 ብር ውድ ነበር ወይስ ርካሽ የሚለው ነው። በሽያጩ ጊዜ ዋጋውን የወሰነው ሻጩ ብቻ ነው። ዘጠኙ አሥረኛ ሳይሸጥ መቅረቱ ዋጋው ለገዢው ከብዶት ይሆናል፤ የትርፍ ድርሻው ከዋጋ ንረት ጋር ሲተያይ አላጓጓም ይሆናል፤ ወይም ሕዝቡ መግለጫውን ማንበብ አልለመደም ይሆናል። እነዚህን ምክንያቶች አንዱን ከሌላው ለመለየት አክሲዮኑ በነጻ ሲገበያይ የሚያወጣው ዋጋ ያስፈልጋል።

የሳሳ ግብይት ችግር

አዲሱ ገበያ የዋጋ መዝገብ መጀመሩ ለጥናቱ የተስፋ ምንጭ ቢሆንም፣ ጥቂት ድርጅቶች በተመዘገቡበትና ግብይት በየቀኑ በማይካሄድበት ገበያ መረጃው በጥንቃቄ መነበብ አለበት። አንድ አክሲዮን ለሁለት ሳምንት ካልተሸጠ መዝገቡ ያንኑ ዋጋ ይደግማል። ኮምፒውተሩ ይህንን «ዋጋው አልተለወጠም» ብሎ ያነባል፤ እውነቱ ግን «ዋጋው አይታወቅም» ነው። ውጤቱም ስጋቱ ከእውነተኛው ያነሰ መስሎ መታየት፣ የዛሬ ለውጥ ከትናንቱ ጋር የተያያዘ መምሰልና ገበያው ቀልጣፋ አይደለም የሚል የተሳሳተ ድምዳሜ ነው። ኤልሮይ ዲምሰን እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረበው ማስተካከያ፣ የአክሲዮኑን ለውጥ ከገበያው የዛሬ፣ የቀደሙና የተከተሉ ለውጦች ጋር አብሮ በማነጻጸር ይህን ስሕተት ለመቀነስ ይሞክራል። ዋጋ ያልተለወጠባቸውን ቀኖች ብዛት ራሱን እንደ መለኪያ መውሰድም የተለመደ ነው።

ከጎረቤት አገር የሚገኝ ትምህርት አለ። የናይሮቢ የአክሲዮን ገበያ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ሠርቷል። ዲኪንሰንና ሙራጉ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት የናይሮቢ ዋጋዎች ከመጀመሪያው የቅልጥፍና ደረጃ ጋር የሚጋጩ አይደሉም ብለው ደምድመዋል፤ ከዚያ በኋላ የመጡ ጥናቶች ግን እንደ ዘመኑና እንደ ዘዴው የተለያየ ውጤት አግኝተዋል። ጄፈሪስና ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ2005 የአፍሪካ ገበያዎች ቅልጥፍና በጊዜ ሂደት እንደሚለዋወጥ አሳይተዋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መረጃ «የአዲስ አበባ ገበያ ቀልጣፋ ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ መፍረድ ለማንም አጥኚ አይመከርም።

መረጃውን ለመጠቀም

የኢትዮጵያን የፋይናንስ መረጃ የሚያስቸግረው ብዙ ጊዜ የዘመን አቆጣጠር ነው። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሚሄድ «የ2016 በጀት ዓመት» የሚባለው እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2023 እስከ ጁላይ 2024 መጀመሪያ ያለው ነው። አንዱ ባንክ «2016» ሲል ሌላው «2023/24»፣ ዓለም አቀፍ የመረጃ ቋት ደግሞ «2024» ሊለው ይችላል። ሦስቱ በአንድ ፋይል ሲገቡ ካልተስተካከሉ እስከ ስምንት ዓመት የሚደርስ ስሕተት ይፈጠራል። ቀናትን ወደ አንድ አቆጣጠር መለወጥ የመጀመሪያው ሥራ መሆን አለበት፤ ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆንባቸውን ዓመታትም ፕሮግራሙ ማወቅ ይኖርበታል።

ከ2016 ሐምሌ ወዲህ ያለውን ሒሳብ በዶላር የሚያስቀምጥ ሰንጠረዥም ያሳስታል። ከለውጡ በፊት 57 ብር ያህል የነበረው የአንድ ዶላር ምንዛሪ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ በመሆኑ፣ በብር ያደገ ባንክ በዶላር የተኮማተረ ይመስላል። የቆዩ ዓመታዊ ሪፖርቶች ብዙ ጊዜ በስካን ምስል ብቻ ስለሚገኙ ቁጥሮቹ በእጅ መተየብ አለባቸው። በዚህ ጊዜ የእያንዳንዱን ባንክ ጠቅላላ ሀብት ከዕዳውና ከካፒታሉ ድምር ጋር ማመሳከር አብዛኛውን የትየባ ስሕተት ያወጣል፤ ያልተመጣጠነ ረድፍ ሲገኝ ወደ ምስሉ ተመልሶ ማየት ያስፈልጋል።